ወፍ ዘራሹን አትንቀሉት

ለ፦ በየከተማውና በየወረዳው ላላችሁ የአረንጓዴ ልማትና የደን ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ክረምት በመጣ ቁጥር ዶማና ችግኝ ይዛችሁ ተራራ ለምትወጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ሳይተከሉ የበቀሉ የአገር በቀል ዛፍ ችግኞች ከመትከያ ቦታ እንዳይመነጠሩ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሐምሌ ችግኝ ለመትከል ከወጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ቦታው ከአንዲት የደጋ ከተማ በላይ ያለ ተዳፋት ነው። ከጎኑ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከነደኑ አለ፤ ደኑን ከተዳፋቱ የሚለየው አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ነው። እኛ ስንደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል። ምንጣሮውም አልቋል። አጋሙ፣ ክትክታው፣ ቀጋው ሁሉ ተጨፍጭፎ ዳር ላይ ተከምሯል። ለምን ተመነጠረ ብዬ ስጠይቅ አስተባባሪው «ቦታው ንጹሕ እንዲሆን ነዋ» አለኝ። በቅንነት ነው የመለሰልኝ፣ ክፋት አልነበረበትም። ክምሩን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ግን ከአጋሙ እሾህ ጋር ተጠላልፈው ክንድ ክንድ የሚያክሉ የወይራ ችግኞች አገኘሁ። ጥድም ነበረበት። ሥሮቻቸው ገና እርጥብ ናቸው። መቁጠር ጀመርኩና 23 ላይ ስደርስ ተውኩት። ከዚያ እንደ ሌላው ሰው ተሰልፌ የምተክለውን ችግኝ ተቀበልኩ። የተሰጠኝ ወይራ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄን ደብዳቤ በጭንቅላቴ ስጽፍ ከረምኩ።

እነዚያን ከክምሩ ውስጥ ያገኘኋቸውን ችግኞች ማንም አልተከላቸውም። አማርኛችን ግን ስም አውጥቶላቸዋል፦ ወፍ ዘራሽ። ቲማቲም ጓሮ ውስጥ ሳይዘራ ሲበቅል ወፍ ዘራሽ እንላለን፤ በርበሬም፣ ዱባም እንዲሁ። ቃሉን ለሰው ስንጠቀምበት ስድብ ነው፣ ወላጁ የማይታወቅ እንደማለት። ለዛፍ ሲሆን ግን እውነተኛ ታሪኩ ነው። አያቶቻችን ያዩትን ነው የሰየሙት። ወፍ በልታ፣ በርራ፣ ጥላ፣ በቀለ። የአያቴ አጥር ላይ አንዲት ወይራ ነበረች። ቅርንጫፏን እየቀነጠሱ የወተት ዕቃ ያጥኑባታል። ማን እንደተከላት ልጅ ሆኜ ስጠይቅ «ወፍ ናታ!» ነበር መልሱ፤ እኔ ተረት መስሎኝ ነበር።

በኋላ ለጥቂት ዓመታት ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ነው ነገሩ የገባኝ። ወይራን ከዘር ማብቀል ትዕግሥት ይፈታተናል። ፍሬውን ትለቅማለህ፣ ሥጋውን አሽተህ ታነሳለህ፣ ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ ከዚያ ያንን ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ጫፉን በጥንቃቄ ትሰብራለህ፤ ትንሽ ካጠበቅከው የውስጡ ዘር ይጨፈለቃል። ዋንዛም ሙጫ የመሰለ ሥጋው እጅ ላይ ተለጥፎ አይለቅም፣ ከአሸዋ ጋር እያሹ ማጠብ ነው። ይሄ ሁሉ ችግኙ ከሚያድግበት ላስቲክ በፊት ነው፣ ከአፈር ዝግጅት በፊት፣ ውሃ ከማጠጣት በፊት። ወፏ ግን የበሰለውን ፍሬ ትውጣለች፣ ሥጋው ሆዷ ውስጥ ይለቃል፣ ዘሩን ደግሞ ወይ ታስመልሰዋለች ወይ ከኩሷ ጋር ትጥለዋለች። በትናንሾቹ ወፎች ሆድ ውስጥ ዘሩ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በዚያች ሰዓት ውስጥ ታጥቦ፣ ተላልጦ፣ ሌላ ቦታ ደርሷል። ላስቲክም፣ መኪናም፣ አበልም አልጠየቀችም።

ሌላ ቦታ መድረሱ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ እናትየው ሥር የወደቀ ዘር ብዙ ዕድል ስለሌለው ነው። ጥላው ይከብደዋል። አይጡም ተባዩም ፍሬ በብዛት የሚወድቅበትን ቦታ ያውቃል፣ እዚያው ጠብቆ ይበላዋል። ከእናቱ መራቅ አለበት፣ የሚያርቀው ደግሞ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አጋሙ ልመለስ፣ ምክንያቱም የደብዳቤዬ ሆድ ዕቃ እሱ ነው።

ወፍ ሜዳ ላይ አትጥልም። ማረፊያ ትፈልጋለች፦ ቁጥቋጦ፣ ደርቆ የቆመ ግንድ፣ ትልቅ ድንጋይ። ኩሷ የሚወድቀው እዚያ ሥር ነው። አጋም ላይ ካረፈች ዘሩ አጋም ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው፤ አጋሙ ራሱ ፍሬ ስላለው ደግሞ ወፎቹን ጠርቶ ያመጣቸዋል። እዚያ ውስጥ ጥላ አለ፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን እርጥብ ያደርገዋል፣ እሾሁ ደግሞ ፍየልን ይከለክላል። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል እንላለን አይደል? ከአጋም የተጠጋ ወይራ ግን ያድጋል። ከብት የሚግጠው ተራራ ላይ ውጡና ተመልከቱ፤ ከሜዳው ላይ አንድ የወይራ ችግኝ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ቁጥቋጦውን ገለጥ ብታደርጉት ግን እዚያ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ የጥድና የወይራ ጫፍ ታያላችሁ። ስለዚህ ቦታ ስታጸዱ የምታነሱት አረም አይደለም። አልጋውን ከነልጁ ነው።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ምን ዓይነት ዘር ተቀብሮ እንደሚገኝ አጥንተዋል። አፈሩ ዘር ሞልቶታል፣ ግን አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። ደኑን ደን የሚያሰኙት የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ግን በአብዛኛው አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት አይጠብቅም። ወይ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ይበላል። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብላችሁ አስቡት። ደን ሲቆረጥ «ዘሩ አፈሩ ውስጥ አለ፣ መልሶ ይወጣል» ብለን ልንጽናና አንችልም። የደኑ ቁጠባ ከሥር የቆመው ችግኝ ነው። እሱን ስትነቅሉ ባንኩን ባዶ አደረጋችሁት። ከዚያ በኋላ ተስፋው ፍሬ የያዘ ዛፍ በቅርብ መኖሩና ያንን ፍሬ የሚያመላልስ እንስሳ መኖሩ ብቻ ነው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ናቸው፣ ዙሪያቸው እርሻና ግጦሽ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት ሲያጠኑ ካዩት አንዱ ችግር ከብት ገብቶ ከሥር የሚወጣውን ችግኝ መጨረሱ ነው፤ ለዚህም ነው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በድንጋይ ካብ ማጠር የጀመሩት። ካቡ ከብቱን ያስቀራል፣ ወፉን አያስቀርም። እኔ የምለውም ይሄንኑ ነው።

እናንተ ጋ አንድ ሐረግ አለ፣ በየሪፖርቱ አያለሁ፦ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የሆነ ቦታ»። ጥሩ ሥራ ነው፣ በእውነት። ትግራይና ወሎ ላይ ተከልለው የተመለሱ ተራሮች ምስክር ናቸው። ግን «እንስሳት» ስትሉ ከብትና ፍየል ማለታችሁ እንደሆነ ለሠራተኛውም ለጥበቃውም ንገሩልኝ። ከእንስሳት ሁሉ ንክኪ ነፃ የሆነ ተራራ ደን አይሆንም። አንዱ ክልል ውስጥ ልጆች በወንጭፍ ወፍ ሲያድኑ ጥበቃው ቁጭ ብሎ ሲያይ አይቻለሁ፤ ፍየል ብትገባ ግን በሩጫ ነበር የሚነሳው።

ማን ማን እንደሚዘራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም እኩል አይደለም። ዋኖስና ርግብ ብዙውን ዘር ጨጓራቸው ውስጥ ፈጭተው ይጨርሱታል፤ ይበላሉ እንጂ አይዘሩም ማለት ይቻላል። እነዚያ አናታቸው ላይ ጉትዬ ያላቸው፣ ጭራቸው የረዘመ፣ ተንጠልጥለው ፍሬ የሚለቅሙ ግራጫ ወፎች ግን ጓሯችሁ ውስጥ ገብተው ስትናደዱባቸው የኖራችሁ ዘሪዎች ናቸው። ጥቁር ሆነው የሚያብረቀርቁትም እንዲሁ። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበ የሚመስለው፣ ሲበር ክንፉ እንደ ባቡር የሚያፏጨው ትልቁ የደን ወፍ ደግሞ የዝግባን የመሰለ ወፍራም ፍሬ ሳይቀር ይውጣል፤ ትንሽ ወፍ ጉሮሮዋ አያሳልፈውም። ትልቁ ወፍ ከጠፋ ትልቁ ፍሬ እናቱ ሥር ይቀራል።

ጦጣ ፍሬ ጉንጩ ውስጥ ከረጢት እንዳለው ሰው አጭቆ ይሄድና ራቅ ብሎ ተቀምጦ እየበላ ዘሩን ይተፋዋል። ጥርኝ፣ እኛ ለዝባዱ ብቻ የምናውቀው፣ ሌሊት ረጅም መንገድ ሲዞር ፍሬ ይለቅማል፤ ደግሞ እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ የመጸዳዳት ልማድ ስላለው ያ ቦታ የዘር ክምር ይሆናል። ፍሬ በሊዋን የሌሊት ወፍስ ማን አመስግኗት ያውቃል? የሾላን ደቃቅ ዘር እየበረረች ነው የምትጥለው፤ ቀን የሚበሩት ወፎች ከማረፊያቸው ሥር ሲጥሉ እሷ ገላጣ ሜዳ ላይም ታደርሳለች። ዋርካ በድንጋይ ግንብ ስንጥቅ ወይ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ስታዩ የእነዚህን እጅ ነው ያያችሁት። ጉንዳን እንኳ ይሠራል። የጉሎ ፍሬ ጫፍ ላይ ያለችውን ነጭ ጉብታ አይታችኋል? ለጉንዳን የተዘጋጀች ስንቅ ናት፤ ጉንዳኑ ለእሷ ሲል ዘሩን ጎትቶ ይወስደዋል። ጭጎጎት ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ ልብስ ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ደግሞ የወፍ ዘራሽ ባለዕዳ ነው። ካፋና ያዩ ጫካ ውስጥ (ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል) ቀዩን እሸት ወፍና ጦጣ ለጣፋጭ ልባሱ ብለው ይበላሉ፣ ፍሬው ሌላ ቦታ ይወድቃል፣ ይበቅላል። ገበሬው ያንን ከጥላ ሥር የወጣ ችግኝ በጥንቃቄ አንስቶ ማሳው ላይ ያዛውረዋል። እዚያ አካባቢ ወፍ ዘራሽ ቡናን አረም ነው ብሎ የሚጥል ሰው አላየሁም። ዋጋውን ያውቃሉ። ደጋ ላይ ያለነውስ ወይራውን ለምን እንዲህ አናይም?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ወፍ አትመርጥም። ያገኘችውን ነው የምትዘራው። ለአጥር ውበት ብለን የተከልነው ባለ ቀለም አበባው ላንታና በአማርኛ የወፍ ቆሎ ነው ስሙ፤ ስሙ ራሱ ማን እንደሚያሰራጨው ይናገራል። ከአጥር ወጥቶ ግጦሹን የወረሰው ወፎቹ ጥቁሩን ፍሬ እየበሉ ስላዳረሱት ነው። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ የሠራውን ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከብቱ፣ ግመሉ፣ ፍየሉ ጣፋጩን ፍሬ ይበላል፣ ጠንካራው ዘር ሳይጎዳ ከእበቱና ከበጠጡ ጋር ይወጣል፣ ያውም ማዳበሪያው አብሮት። በዚሁ መንገድ ነው ቆላው ላይ ግራራችንም የሚዘራው፤ ልዩነቱ ግራሩ የቦታው መሆኑ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ የፕሮሶፒስን ፍሬ ሰብስበው ከነዘሩ እየፈጩ ለመኖ የሚያውሉት፤ የተፈጨ አይበቅልም። ስለዚህ እናንተ ለከተማ ማስዋቢያ አንድ ፍሬ ያለው ዕፅዋት ስትመርጡ ለከተማዋ ብቻ አልመረጣችሁም። ለወፎቹ ዘር አቀበላችኋቸው፣ ከእናንተ ተቀብለው ገጠር ድረስ ያደርሱታል። የወፍ ቆሎ መትከል ያቆመ ቢሮ ካለ ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ችግኝ መትከልን እቃወም እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አልቃወምም። መትከል የቆየ ልማዳችን ነው። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። የወፍ ዋሻን ስም ልብ በሉልኝ። ንጉሡ አንዴ አስተከሉ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የጥዱን ሰማያዊ ፍሬ እየለቀሙ ሲዘሩ የኖሩት ግን ወፎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ተራራ ላይ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ደግሞም ወፍ ሁሉም ቦታ አትደርስም። ከዘር ሰጪ ዛፍ በጣም የራቀ፣ አፈሩ ተጠርጎ ድንጋይ ብቻ የቀረው ተራራ ላይ ወፍ እስክትዘራልን ቁጭ ብለን ብንጠብቅ ሞኝነት ነው። እዚያ ትከሉ። እዚያ የእናንተ ጉልበት ያስፈልጋል። ከደኑ አጠገብ ያለውን፣ ወፏ በቀን አሥር ጊዜ የምትመላለስበትን ተዳፋት ግን ለእሷ ተዉላት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ዛፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ቦታውን ይዙር፤ ባለሙያ ባይገኝ አንድ የአካባቢ እረኛ ይበቃል፣ እረኛ የወይራን ችግኝ ከሩቅ ይለያል። ያገኘው ላይ ምልክት ይሰር። ቁጥቋጦው ይቆይ፤ የግድ መንገድ ካስፈለገ መንገዱን ብቻ ክፈቱ። ሾላ፣ ዋርካ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት፣ ፍሬ ያለው ሽማግሌ ዛፍ ሁሉ በምንም ምክንያት አይቆረጥ፤ አንድ የሾላ ዛፍ ዙሪያውን ላለው ሁሉ ገበታ ነው። ጥድ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው ለየብቻ ነው፣ የምታፈራው ሴቴዋ ብቻ ናት። «ጥድማ ብዙ አለ» ብላችሁ ስታስቆርጡ የምትቆረጠው የመጨረሻዋ ሴቴ ልትሆን ትችላለች። ደርቆ የቆመ ግንድም ይቁም። ገላጣ ቦታ ላይ ጥቂት አጠና ብታቆሙ ወፍ ታርፍበታለች፣ ሥሩ አጋም ብትተክሉበት ደግሞ የጣለችው ይያዛል። አጋም ትከሉ ስላችሁ እንግዳ እንደሚሆንባችሁ አውቃለሁ። ባሕር ዛፍማ ደረቅ ፍሬ ነው ያለው፣ ዘሩም እንደ ብናኝ ነው፣ ፍሬ በሊ ወፍ የሚጠራበት ነገር የለውም።

ከሁሉም በላይ ግን ቅጹ ይስተካከል። ሪፖርታችሁ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተተከለ ችግኝ፣ የጽድቀት መጠን የሚል ቦታ አለ። «በቦታው የተገኘ ወፍ ዘራሽ ችግኝ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ሠራተኛው የማይቆጠርለትን ነገር አይጠብቅም፤ እሱን አልወቅሰውም። የተቆጠረለት ቀን ግን አጋሙን ራሱ ገለጥ አድርጎ ይፈልጋል። ማንም ያላጠጣው፣ ማንም ያልኮተኮተው፣ ሁለት ሦስት በጋ በራሱ ያለፈ ችግኝ ከላስቲክ ከወጣው ይልቅ የመጽደቅ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በመጋቢት ያንን ተዳፋት ሄጄ አየሁት። የተከልነው አብዛኛው ደርቋል፣ የእኔም ወይራ ደርቃለች። ከመንገዱ በላይ ግን ምንጣሮው ያልደረሰበት አንድ ጥግ ቀርቷል። እዚያ አጋሙ ውስጥ አምስት ወይራና ሁለት ጥድ አሉ፤ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ቀይ ጨርቅ አስሬባቸዋለሁ። ዘንድሮ ስትመጡ ቀይ ጨርቅ ያለበትን ዝለሉት፤ ከመጣችሁበት ቀን ቀደም ብዬ ተገኝቼ ቦታውን ላሳያችሁም ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የቀድሞ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ